የባሌ መውጫና መግቢያ

ባሌ የመን ተወልዶ እኛ አገር ዘመሮ ያረጀ ሰው ነው። ሲመጣ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ ነበር አሉ፤ ጋዝ፣ ክብሪት፣ ሳሙናና አቡጀዲ በአህያ ጭኖ ከገበያ ገበያ ሲዞር ቆይቶ እኛ ዘንድ ሱቅ ከፍቶ ቀረ። "ከዚህ ሁሉ አገር ይኼን ብርድ ምን ብለህ መረጥህ?" ሲሉት ወደ እኔ በአገጩ ይጠቁማል። ቤተሰቦቼ ለአረብ አንሰጥም ብለው የሞት ሽረት ተሟግተዋል። እሱ በሃይማኖቱ፣ እኔ በሃይማኖቴ ሆነን፣ ሁለት ሴት ልጆች ወልደን፣ አንድ ጣራ ሥር እየተነታረክን ደህና ኖርን።

ጣራ ካነሳሁ አይቀር የነገሩ ሁሉ መነሻ ጣራው ነው። ያገራችን ሰው ቤቱን በጓሳ ሳር ይከድናል፤ የጓሳ ሳር ደህና አድርጎ ለከደነው ጠብታ አያሳልፍም። የኔ ሰውዬ ግን "ነጋዴ ነኝ፣ ቆርቆሮ ነው የሚገባኝ" ብሎ ድርቅ አለ። ቆርቆሮው በአንዱ ክረምት አፈሰሰና ሳጥናችንን ሞላው። ፓስፖርቱን ስናወጣው ማኅተሙ ሁሉ ሰማያዊ ውሃ ሆኗል። "ይኸው ቆርቆሮህ!" አልኩት። እሱ ግን ፓስፖርቱን ትቶ አንድ ያገለገለ ጥቁር ሻሽ ከሳጥኑ አወጣ፤ ቀስ አድርጎ ጨመቀና ከምድጃው አጠገብ አሰጣው። ያን ሻሽ አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት ዕቃ ላምጣ ብሎ አገሩ ሄዶ ይዞት የተመለሰው እሱን ብቻ ነበር። ለኔ ነው ስል ሳይሰጠኝ ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ እኔም ስንት ጊዜ አኩርፌዋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። የውጭ አገር ሰው የመኖሪያ ፈቃዱን በየጊዜው ማሳደስ ነበረበት፤ በዚያ ዓመት ሊያሳድስ ቢሄድ "ከእንግዲህ አይታደስም፣ ወይ ዜግነት ጠይቅ፣ ወይ አገርህ ግባ" ብለው መለሱት። አገርህ ግባ! ልጆቹ እዚህ፣ ሱቁ እዚህ፣ እኔ እዚህ። ገበያ ስውል ሰው "ምነው ከሳሽ?" ይለኛል።

የዜግነቱ ማመልከቻ ደግሞ ከአገር የወጣበትን ጊዜ አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ መቼ ወጣህ፣ መቼ ተመለስህ፣ ለምን ሄድህ። ባሌ በገበያ ላይ ካልሆነ በቀር መዋሸት አይችልበትም። ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ ብሎ አስሞላ፤ አንዴ እህቱን ሊድር፣ አንዴ ያን ዕቃ ሊያመጣ የሄደ ጊዜ። ቢያንስ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነበር። የፓስፖርቱ ማኅተም ስለጠፋ የዘመሮ ሰው መጥቶ ይመስክርለት ተባለ።

ለዚሁ ከአውራጃው የተላከው ሹም ቀጭን ወጣት ነበር። ብርዱ ሲያንቀጠቅጠው አሳዘነኝና ከቤት የሱፍ ባና አምጥቼ አለበስኩት። በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ በባና ተጀቡኖ፣ አፍንጫው ብቻ ቀርቶ፣ የመጀመሪያውን ምስክር ጠራ። ምስክሩ የደብራችን ቄስ ናቸው። ባሌን ይወዱታል፤ ማታ ማታ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠው ሲከራከሩ ነው የሚያመሹት።

"ይኼ ሰው?" አሉ ቄሱ፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው። "ከዘመሮ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም!"

ክው አልኩ። ሁለተኛው ምስክር፣ ጎረቤታችን የሆኑት አሮጌ ወታደር፣ ጭራሽ ባሰባቸው። "የት ይወጣል፣ ጌታው? የጓሳን ሜዳ እንኳን ተሻግሮ አያውቅም!"

ባሌ ፊቱ አመድ መሰለ። ሹሙ ማመልከቻውን አየ፣ ሰዎቹን አየ። "እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ ይላል። እናንተ ጭራሽ አልወጣም ትላላችሁ። ማነው የሚዋሸው?"

ወይ ጉዴ! ሰዎቹ ክፉ አስበው አይደለም። መሬት ሲደለደል ከቀዬው ርቆ የተገኘ ሰው ድርሻው ለሌላ ሲሰጥ አይተዋል። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ስለ አንድ ሰው ሲጠይቃቸው "እዚሁ ነበረ" ማለት ለምደዋል። ሊያድኑት ብለው ገደል ሊከቱት ሆነ። ልጩህ ወይስ ቄስ ልቆጣ? ሹሙ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ።

በዚህ መሐል ከበሩ በኩል "ውሸት ነው!" የሚል ድምፅ መጣ። እማሆይ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ ደፍተው የሚኖሩ አሮጊት። ባሌን ዓይኑን ማየት አይፈልጉም፤ ጋዝ እንኳን በሰው ነው የሚያስገዙት። ለዚህ ነው ለምስክርነት ያልጠራናቸው። በዱላቸው ሰውን እየገፉ ገቡ።

"ሁለት ጊዜ አገሩ ሄዷል፤ እንዲያውም አንዱን እኔ ልንገርህ! የልጆቼ አባት ሲሞቱ ይኼ አረብ የታለ? ስንት ዘመን ከደጁ የገዙትን፣ ያጫወቱትን ሰውዬ ሳይቀብር ቀረ። ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ ነው ከባሕር ማዶ የመጣ!"

"በምን ያስታውሳሉ?" አለ ሹሙ።

"በምን አስታውሳለሁ? ልቅሶ ሊደርስ መጥቶ አይደለም እንዴ! የመንገዱን አቧራ ሳያራግፍ ደጃፌ ላይ ቆመና 'እማሆይ፣ ዘግይቼ መጣሁ፣ ይቅር ይበሉኝ' ብሎ ተንሰቀሰቀ። እኔም ጀርባዬን ሰጠሁት።"

እኛ ዘንድ ሰው ሲቀበር ያልነበረ ከሄደበት ሲመለስ ልቅሶ ይደርሳል፤ ማን ዘግይቶ እንደመጣ ደግሞ ባለልቅሶው እስኪሞት አይረሳም። የአዳራሹ ሰው አፉ ያኔ ተከፈተ። አንዷ "ልጄ የሞተብኝ ባቄላው ሲያብብ ነው፣ እሱ የደረሰኝ ሲሸት ነው" አለች። ሌላው የአባቱን ተናገረ። እህቱን ሊድር በሄደ ጊዜ ሰው የሞተበትም፣ በኋለኛው ጊዜ የሞተበትም፣ ወቀሳውን አወረደበት። በመጨረሻ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ለነገሩ የወንድሜን ልቅሶ የደረሰኝ ከፋሲካ በኋላ ነው" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሹሙም ሳቀ፤ እየሳቀ ጻፈ። ወቀሳው ሁሉ ባሌ ካስሞላው ጋር ልክ ገጠመ።

"እንግዲህ የቀረው ምክንያቱ ነው" አለ ሹሙ፣ ከማመልከቻው እያነበበ። "የመጀመሪያው፣ እህቱን ሊድር። ሁለተኛው፣ እናቱን ሊቀብር።"

"ምን?" አልኩ። "ኧረ ተሳስተሃል፣ ዕቃ ሊያመጣ ነው የሄደው!"

ባሌ ቀና አላለም። "ታማለች ብለው ልከውብኝ ነበር" አለ። "ደረስኩና በሦስተኛው ቀን ሞተች። እዚህ ማን ያውቃታል? ስመለስ ቀዬው ሁሉ ልቅሶ ነበር። የናንተን ደርሼ ሳልጨርስ የኔን ምን ብዬ ልናገር?"

እማሆይ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በራቸው ላይ ቆሞ የተንሰቀሰቀው ሰው እናቱን ቀብሮ የመጣ ነበር።

ሹሙ ፈርሞ ባናውን መለሰልኝና ሄደ። ዜግነቱም ብዙ ቆይቶ ጸድቆ መጣ፤ ወረቀቱን የሳር ክዳን ባለው ማድቤት ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት፣ ቆርቆሮ አላምንም። ያን ዕለት ግን ስለ ዜግነት ማን አሰበ! ቤት እንደገባን "ከኔ ትደብቃለህ? እኔ ምንህ ነኝ?" ብዬ ጮህኩበት።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ብከፍት ቀዬው እንዳለ ደጄ ላይ ቆሟል። ሴቶቹ የባቄላና የስንዴ ንፍሮ ቀቅለው ይዘዋል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። "አንተ ለኛ አልቅሰህ እኛ ለናትህ ላናለቅስ?" አሉት። እኔ ሻሹን ከሳጥን አውጥቼ ሰው እንዲያየው መደብ ላይ ዘረጋሁት፤ የማን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። አልቃሿ ሙሾ ከማውረዷ በፊት "ምን ዓይነት ሴት ነበሩ?" ብላ ጠየቀችው።

"ተራራ ላይ ነው ቤቷ" አለ። "በግ ነበራት። ገብስ ታርም ነበር። ቁጡ ነበረች።"

"ታዲያ የኛው ሴት ናቸዋ!" አለች አልቃሿ፤ ሴቶቹም ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሏት።

እማሆይ የመጡት መጨረሻ ላይ ነው። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ዱላቸውን ጥለው ባሌ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡና እጁን ያዙት። "እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ" አሉት። "ዘግይቼ መጣሁ፣ ይቅር በለኝ።"

ባሌ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ደስ ይለኝ ነበር።