አራተኛ ፎቅ ያረፉት ባልና ሚስት

የምሠራው ከቀበና ወንዝ ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚያስወጣው ዳገት ላይ ባለ ባለስድስት ፎቅ ሆቴል ውስጥ ነው። የእንግዳ መቀበያው ኃላፊ ነኝ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጃችን አስጠርተውኝ፣ "እሳት ቢነሳ አካል ጉዳተኛ እንግዶቻችንን እንዴት እንደምናስወጣ በጽሑፍ አዘጋጂልኝ" አሉኝ። ከየካ አባዶ እስከ ሥራ ቦታዬ ያለው የሚኒባስ መንገድ ረጅም ስለሆነ፣ ሦስት ጠዋት ጭኔ ላይ ደብተር ዘርግቼ ጻፍኩት። ሁለት ገጽ ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ ኮርቼበት ነበር።

በዚያው ሰሞን ከደብረ ብርሃን ባልና ሚስት መጡ። ባልየው ዓይነ ስውር ነው፤ ታሪክ ያስተምራል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። እሱ ይገፋል፣ እሷ መንገዱን ትነግረዋለች። በሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ደፍ ሲያልፉ አየኋቸው፤ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ፣ እሷ እጇን ከፍ ስታደርግ ትከሻዋ ሲነሳ በያዘው እጀታ በኩል ተሰምቶት ወንበሩን ጋደል አድርጎ አሳለፋት።

"ከፍ ያለ ክፍል እንፈልጋለን፤ እንጦጦ የሚታይበት" አለችኝ።

"ግራውንድ ላይ ያለው ክፍል ይሻልዎታል፤ ለደህንነትዎ ነው" አልኳት።

"እህቴ፣ ሰው ለደህንነቴ ባሰበልኝ ቁጥር የሚደርሰኝ መስኮቱ ከግድግዳ ጋር የተፋጠጠ ክፍል ነው። የመጣነው የጋብቻችንን ሃያኛ ዓመት ልናከብር ነው። እኔ ተራራውን እያየሁ ልነግረው፣ እሱ ደግሞ አጋነንሽ ሊለኝ።"

አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያምረውን ክፍል ሰጠኋቸው። ልቤ ግን አላረፈም። ከሰዓት በኋላ ጽሑፌን ይዤ ወጣሁና፣ "እስቲ ይዩልኝ" አልኳት። ለባሏ ጮክ ብላ አነበበችለት። "ዊልቸር የሚጠቀም እንግዳ ደረጃው መግቢያ ላይ ሆኖ እርዳታ ይጠብቃል። ዓይነ ስውር እንግዳ በሠራተኛ ተመርቶ ወዲያው ይወርዳል።"

ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ማን ነው የጻፈው?" አለ ባልየው።

"እኔ ነኝ።"

"ጽሑፉ ጥሩ ነው። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ያላስቸገርን ሰዎች በሁለት መስመር አፋታሽን።"

በሳቅ ፈረስኩ። አፍሬም ነበር። ሚስቱ ወረቀቱን አጠፈችና፣ "እሱ ያለ እኔ አይወርድም" አለችኝ። "ደረጃው ላይ ቆሞ ስሜን እየጠራ የሰው መንገድ ይዘጋል።"

"እሷስ ብትሆን፣ እኔ ከሄድኩ ማንን ታዛለች?" አለ እሱ።

በማግስቱ ጠዋት ልምምድ ለማድረግ ተስማማን። ሥራ አስኪያጁ፣ ሻንጣ የሚያወጡ የሚያወርዱ ሁለት ሠራተኞቻችንና እኔ አራተኛ ፎቅ ደረጃው አፍ ላይ ተሰበሰብን። ሴትየዋ ከዊልቸሯ ወርዳ በአጠገቧ ባስቀመጥንላት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"እኔ በሰው እጅ መያዝ ለምጄዋለሁ" አለች። "መጀመሪያ ያልለመደ ሰው ይውረድ።"

እርስ በርስ ተያየን። ሥራ አስኪያጁ ግዙፍ ሰው ናቸው፤ በስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ከረባታቸው የማይላላ። ሄደው ዊልቸሩ ላይ ተቀመጡ።

"የእጅ መደገፊያውን እንዳትይዙት፣ ይነቀላል" አለች ሴትየዋ። "ከኋላ ያለው እጀታውን፣ ከፊት ያለው ብረቱን ይያዝ። ፍሬኑን ልቀቁ። ወደ ኋላ ጋደል አድርጉና አንድ አንድ ደረጃ ውረዱ።"

ባልየው በትሩን ይዞ ፊት ፊት ሄደ። ገና አምስት ደረጃ ሳይወርዱ፣ ጠዋት ማታ "ፍጠኑ" የሚሉን አለቃ፣ "ቀስ በሉ እንጂ ልጆቼ" ማለት ጀመሩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ፣ በእሳት ጊዜ መብራት መጥፋቱ ስለማይቀር፣ አስቀድሜ በነገርኩት መሠረት የጥገናው ሠራተኛ መብራቱን አጠፋው። ደረጃው መስኮት የለውም። ሁላችንም ባለንበት ደርቀን ቀረን።

"ምን ሆናችሁ?" አለ ባልየው ከታች።

"መብራት ጠፋ።"

"እሱ ነው እንዴ? ተከተሉኝ።"

ደረጃውን ድምፁን ከፍ አድርጎ መቁጠር ጀመረ፤ እኛም ቁጥሩን ተከትለን ወረድን። ሁለተኛውን ፎቅ እንዳለፍን በትሩ ለስላሳ ነገር መታ። መንገዱን ግማሽ ያህል የዘጋ የአሮጌ ፍራሽ ክምር ነበር።

"ሆቴላችሁ ደረጃ ላይም ያስተኛል?" ሲል ጠየቀ።

ከዊልቸሩ ላይ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ መጣ። "እዚያ አስቀምጡት ያልኩት እኔ ነኝ።" በጨለማው ውስጥ ቀድመው የሳቁትም እሳቸው ነበሩ። ፍራሹ ከምሳ በፊት ተነሳ። ከዚያ ሴትየዋን ራሷን ሁለት ጊዜ አወረድናት፤ በሁለተኛው ዙር ሥራ አስኪያጁ ኮታቸውን አውልቀው ከፊት ያዙ። ጽሑፌንም ከባልና ሚስቱ ጋር ቁጭ ብዬ አዲስ አድርጌ ጻፍኩት፤ አንድ ክፍል ያረፉ ሰዎች አብረው ይወርዳሉ የሚለው መጀመሪያ ገባ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ ማድረቂያው ማሽን ውስጥ ፎጣ ተቃጠለና ጭሱ ኮሪደሩን ሞላው። ደወሉ ጮኸ፤ ሊፍቱ ቆመ። ደረጃውን ሽቅብ ሮጥኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስደርስ ከላይ፣ "አሥር፣ አሥራ አንድ፣ መታጠፊያ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ባልየው አንድ እጁን የደረጃው መደገፊያ ላይ አድርጎ ይመጣል፤ ከኋላው ሁለቱ ሠራተኞቻችን ሚስቱን ከነዊልቸሯ ይዘዋታል፤ ከእነሱ ኋላ የላይኞቹ ፎቆች እንግዶች ተሰልፈው አብረውት ይቆጥራሉ።

"አንድ ዘለልክ" አለችው።

"አልዘለልኩም።"

እስከ ግቢው ድረስ ሲከራከሩ ወረዱ።

ካፊያ ነበር። ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመን እንግዶቹን በዝርዝር ስንጠራ አንድም የጎደለ የለም። እሳቱ ወዲያው ጠፋ፤ የከሰርነው ፎጣ ብቻ ነው። ሕንፃው ተፈትሾ እስኪያልቅ ውጪ መቆየት ስለነበረብን፣ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ለማታ ያዘዘውን የጋብቻ በዓል ኬክ ከግቢ ማዶ ካለው ዳቦ ቤት አስመጣው። ባልና ሚስቱ ቢላውን አንድ ላይ ይዘው ቆረሱት። ከመቶ በላይ ሰው በካፊያ ውስጥ በእጁ ኬክ በላ። አንዱ የመኪናውን በር ከፍቶ የሠርግ ዘፈን ለቀቀ፤ ሴትየዋ ትከሻዋን ስትነቀንቅ ባልየው ፊት ለፊቷ በርከክ ብሎ መለሰላት፤ ሥራ አስኪያጁም ከረባታቸውን ፈትተው ገቡበት።

አሁን እንግዳ ሲመዘገብ ሁሉንም አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ "በድንገት መውጣት ቢያስፈልግ በምን እናግዝዎ?" ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ፣ እንጦጦን በሩጫ ወጥቶ የሚወርድ፣ ጥያቄውን ሰምቶ ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጨለማ ደረጃ እፈራለሁ፤ የሚይዘኝ ሰው ቢኖር" አለኝ። ጻፍኩለት።