የጠረግሁት ደን

«ደረቅ ግንድ ነው እኮ! የቆመ ዛፍ ቁረጡ አላልሁም።»

«እኔም የወደቀውን ነው አይንኩት የምልዎት፣ አባባ።»

«ለምን? ይነሣል ብለህ ነው?»

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አባቴ ሐይቁ ዳር ያለው ደብራችን ገበዝ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ሁሉ፣ ደኑም ጭምር፣ በእሳቸው እጅ ነው። በእኛ ዘንድ ከቤተ ክርስቲያን ደን የቆመ ዛፍ አይቆረጥም። በራሱ ጊዜ የወደቀ ግን ለንግሥ ድግስ ይነዳል። ቆማ ደርቃ ብዙ ዓመት የኖረችው ትልቋ ዋንዛ ካቻምና ክረምት ወድቃ ዘንድሮ ተራዋ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ መጥረቢያቸውን ይዘው ደጀ ሰላሙ ላይ አባቴን እየጠበቁ ነው። እኔ ደግሞ ወሬውን ሰምቼ ከከተማው፣ ከፋሲሎ ሰፈር፣ በባጃጅ በርሬ፣ አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ከቤት ሊወጡ ሲሉ ደረስሁባቸው።

«ላይዋ ላይ ችግኝ በቅሏል» አልኋቸው።

«ችግኝ መሬት ላይ ነው የሚበቅል። ሬሳ ላይ ሲበቅል አላየሁም።»

«መሬቱንማ እኔ ገደልሁት።»

ይህን አፍ አውጥቼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ደኑን ለማጽዳት ተሰበሰብን። ሐሳቡ የእኔ ነበር። የእግዚአብሔር ቤት ግቢው ይጠረጋል፤ ደኑስ ግቢው አይደል? የበሰበሰውን ግንድ እየጎተትን አወጣን፣ ጉቶውን ነቀልን፣ የረገፈውን ቅጠል ጠርገን ከመርንና ሁሉንም አነደድነው። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለን። «ደኑ ሠርግ ቤት መሰለ» አሉ። እኔም በንግሡ ዕለት ድምፅ ማጉያ ጨብጬ ስለ መጥረጊያችን የጻፍሁትን ግጥም አነበብሁ። እስካሁን ሁለቱን ስንኝ በቃላቸው የሚሉልኝ እናቶች አሉ። በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ በተጠረገው መሬት ላይ አልቆም አለ፤ አፈሩን ይዞ ወደ ጣና ወረደ። በጋው ሲገባ መሬቱ እንደ አውድማ ጠነከረ። በትልልቆቹ ዛፎች ሥር የነበረው ቡቃያ አንድ በአንድ ደረቀ። መጀመሪያ ጥፋቱን በዝናቡ አሳበብሁ፣ ቀጥሎ በፍየሎቹ። ራሴን ብቻ ዘለልሁት።

እኔ አንድ ቦታ መርጋት አይሆንልኝም፤ ግጥም የምጽፈው እንኳ እየሄድሁ ነው። ባለፈው ሚያዝያ ደኑ ውስጥ ስዞር አንድ ስንኝ አልመጣ አለኝና ተናድጄ ዋንዛዋ ላይ ቁጭ አልሁ። ስነሣ ሱሪዬ ርሷል። ዝናብ ከጣለ ወራት አልፎታል፣ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ግንዱ ግን ውኃ አዝሏል። ቅርፊቱን ገለጥ ባደርገው ጉንዳን፣ ነጭ ትል፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ የቀጠነ የሻጋታ ክር። እንጨቱ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። በዚያ ፍርፋሪ ውስጥ ሥር የሰደዱ የጥቁር እንጨትና የብሳና ችግኞች በተርታ ቆመዋል፤ ትልቁ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ተነሥቼ የጠረግነውን ቦታ ሁሉ እየዞርሁ አንድ ቡቃያ ፈለግሁ። አንድም አላገኘሁም።

«ጓሯችን ባሕር ዛፍ ሞልቶ የለም? እሱን ቆርጬ ላምጣላቸው» አልሁ።

«የማገዶ ነገር መሰለህ?» አባቴ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ መልሰው አስደገፉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ‹የገበዙ ልጅ ያሳመረው ደን› ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ ኖሬአለሁ። ዛሬ ሄጄ ምን ልበላቸው? ቆሻሻው እንዳለ ይቅር ልበል?»

«ስሕተቱ የልጄ ነው ይበሏቸው።»

«አንተ አፍ የለህም? ለጭብጨባው ጊዜ ማንም ሳይጠራህ አልነበር እንዴ ድምፅ ማጉያውን የነጠቅኸው!»

ተቀመጥሁ። ደግሞ ተነሣሁ። ሽማግሌዎቹ ፊቴ ላይ መጡብኝ፤ ባዩኝ ቁጥር «ጠራጊያችን መጣ» እያሉ የሚመርቁኝ፣ ግጥሙን ድገምልን የሚሉኝ። እነሱ ፊት ቆሜ፣ የመረቃችሁኝ ሥራ ነው ደኑን መካን ያደረገው ልበል? እግሬ ልሂድ ይላል።

«አብረውኝ አይመጡም?»

«እኔ ካለሁ ለእኔ ሲሉ ዝም ይላሉ። ብቻህን ስትቆም ይሟገቱሃል። ከረቱህ ግንዱ ይነዳል።»

«ካልረቱኝስ?»

«የሚቆረጠውን ባሕር ዛፍ እኔ አሳይሃለሁ።» ጋቢያቸውን አውልቀው መደቡ ላይ ጣሉት። «በል፣ እኔ ከዘገየሁ ይጀምራሉ፤ ሳይጀምሩ ድረስባቸው። ደግሞ ግጥም እንዳታበዛ!»

ምን ብዬ እንደምጀምር እንኳ አላወቅሁም። የጫማዬን ማሰሪያ ሳልቋጥር ወጣሁ። አባቴ ከኋላዬ በሩን ገፋ አደረጉት፤ ተዘጋ።