ስምንተኛው፣ አሥራ አንደኛውና የጋሽ ደምሴ አፍንጫ

«ስምንተኛው አላወቀኝም... አሥራ አንደኛውም አላወቀኝ።»

ይህን ያሉት ቅዳሜ ረፋድ መንዝ ውስጥ ሞላሌ፣ ከጌታቸው ስልክ ጥገና ደጃፍ የተቀመጡ አዛውንት ናቸው። ከዓይንና ከአፍንጫቸው በቀር ሙሉ በሙሉ በጋቢ ተሸፍነዋል። እኔ ስለ ልጆቻቸው የሚያወሩ መስሎኝ ከልቤ አዘንኩ።

«አይዞዎት አባቴ፣ የዛሬ ልጆች እንዲህ ናቸው።»

ገረመሙኝ። «ስልኩን ነው የምልህ።»

ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ የዘመሮ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ወልዳ፣ የሕፃኗን ፎቶ በሁለት ያገለገሉ ስልኮች ጭና ልካላቸዋለች። አንዱ ስምንተኛው ትውልድ፣ ሌላው አሥራ አንደኛው። «የሚያውቅዎትን ያስቀሩ፣ የማያውቅዎትን ለወንድሜ በዛሬው አውቶቡስ ይመልሱት» ብላለች። አውቶቡሱ ስድስት ሰዓት ይነሳል። ሕፃኗን ገና ያላዩት ባለቤታቸው ደግሞ ዘመሮ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

ጠጋኙ ጌታቸው ያስረዳል። «አሥራ አንደኛው ሁለት ካሜራ አለው፣ ባትሪውም ይበረታል፣ የሚከፍተው ፊት አይቶ ነው። ስምንተኛው አንድ ካሜራ ነው፤ ግን ከታች ያለችው ክብ መጫኛ ጣት ታነባለች።»

አሥሩም ጣት ተሞከረ።

«ጋሼ፣ ጣትዎ ላይ መስመር የለም እኮ።»

«እርፉ ላይ ይኖራል፣ ሂድና ፈልገው።»

ወደ አሥራ አንደኛው ዞርን። ሱቅ ውስጥ ጋቢያቸውን አውርደው ፊታቸውን አስመዘገቡ። ደጅ ወጥተው እንደገና ሲከናነቡ ግን ስልኩ ካዳቸው።

«አፍዎን ይግለጡለት» አልኩ።

«በዚህ ብርድ?»

«ቤትዎ ሲገቡ ይገለጣሉ አይደል?»

«ቤቴ ከደጁ ይብሳል።»

ጌታቸው ሳይጠየቅ ጨመረበት። «አሥራ ሁለተኛው ቢሆን ኖሮ አፍ የሸፈነም ያውቃል።»

ጋሽ ደምሴ ተከዙ። «እሱን የሠራው መንዝን ያየ ሰው ነው... ልጄ በአንድ ትውልድ ጎደለችብኝ።»

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። እኔም ለቀልድ ያህል «እስቲ አፍንጫዎን ይሞክሩት» አልኩ።

አሰቡበት። «እውነትህን ነው። እሱ እንኳ አላረሰም።»

ደጀ ሰላም እንደሚሳለም ሰው ጎንበስ ብለው ስምንተኛውን በአፍንጫቸው ነኩት። ጌታቸው «ይድገሙት... አሁንም...» እያለ መዘገበ። ተከፈተ። አፏን ከፍታ የተኛች ሕፃን ብቅ አለች።

ጋሽ ደምሴ ብዙ ቆዩባት። «አፍንጫዋ እኔን ነው የሚመስል።»

«እንግዲያማ እሷም ትከፍተዋለች» አለ ጌታቸው።

አሥራ አንደኛው በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ተመለሰ። ጋሽ ደምሴም ስምንተኛውን ከጋቢያቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ዘመሮ ሄዱ።

እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «ጌታቸው፣ አፍንጫቸውን ለመመዝገብ መጀመሪያ ስልኩን በምን ከፈትከው?»

«በቁጥሩ ነዋ። ስድስት ጊዜ ዜሮ ነው።»

«ለሳቸው ነግረሃቸዋል?»

«አልጠየቁኝም።»

ልጃቸው ቁጥሩን ፕላስተር ላይ ጽፋ በሁለቱም ስልኮች ጀርባ ለጥፋው ነበር።