የሦስቱ ተጓዦች ስሌት

ሰው ምን እንደማጠና ሲጠይቀኝ ያናድደኛል። «ፊዚክስ» ብዬ ላልፍ ስል «የትኛው ፊዚክስ?» ይላሉ። ማብራራት ስጀምር ደግሞ ዓይናቸው ወደ ስልካቸው ይሸሻል። ስለዚህ እዚህ ላይ አንዴ ልናገርና ይውጣልኝ።

ትንንሽ ማግኔቶች በረድፍ ተደርድረዋል እንበል። እያንዳንዱ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ሊሆን ይችላል። የሚነካው ግራና ቀኝ ያለውን ጎረቤቱን ብቻ ነው። ረድፉ ጫፍ እንዳይኖረው ሁለቱን ዳር ገጥመን ቀለበት እናደርገዋለን። ጥያቄው የዚህ ቀለበት ኢነርጂ ስንት ስንት ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ማግኔቶቹ ሲበዙ ኮምፒውተርም እጁን ይሰጣል፤ የፊዚክስ ሰውም በግምትና በማጠጋጋት ኑሮውን ይገፋል። ጥቂት ሞዴሎች ብቻ፣ በጣም ጥቂት፣ ያለ አንዳች ግምት እስከ መጨረሻው አሃዝ ድረስ በወረቀትና በእስክሪብቶ ይፈታሉ። እኔ አምስት ዓመቴን የፈጀሁት ከእነዚህ ብርቆች አንድ አዲስ አገኘሁ ብዬ ነው።

ሞዴሉ እንዲፈታ የሚያደርገው ነገር ይሄ ነው። ማግኔቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው ሳለ አንዱ ከተዛነፈ፣ መዛነፉ ባለበት አይቀመጥም፤ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተቀባበሉት ይሄዳል። እኔ ተጓዥ እለዋለሁ። ሁለት ተጓዦች ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ማስላት ከባድ አይደለም፤ በእኔ ዓይነት ረድፍ የሁለቱ ነገር ሁልጊዜ ይሳካል። ጉዱ የሚፈላው ሦስተኛው ሲመጣ ነው። በእኛ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ባለችው ጠባብ መንገድ ሁለት ባጃጆች እንደምንም ይተላለፋሉ። ሦስተኛ ሲጨመር ግን ማን ከማን ጋር ቀድሞ ይተላለፍ የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል፤ እንደ ቅደም ተከተሉም አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው ቦይ ውስጥ ይገባል። በሚፈታ ሞዴል ይሄ ጭቅጭቅ የለም። የግራዎቹ ሁለቱ ቀድመው ቢገናኙም፣ የቀኞቹ ቢቀድሙም መጨረሻው አንድ መሆን አለበት። ይህ ከተሟላ ተጓዦቹ አርባም ቢሆኑ ችግር የለም። ካልተሟላ ሞዴሉ አይፈታም።

የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ ዕድሜውን አቃቂ ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሥራው ከማሽን የወጣውን ጣቃ ብርሃን ላይ ዘርግቶ እንከን መፈለግ፣ ከዚያም አንደኛ ደረጃ ወይም ሁለተኛ ደረጃ የሚል ማህተም መምታት ነበር። ከከተማ ስመለስ በሩን ከፍቶልኝ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ዛሬስ?» ይለኛል። አማካሪዬ ባለፈው መስከረም «እንግዲህ ጨርሰሻል፣ መጻፍ ብቻ ነው የቀረሽ» ያሉኝ ጊዜ ይህን ለአባቴ መንገሬ ትልቅ ስህተት ነበር። በሳምንቱ ምድር ቤት ያለው ባለሱቅ እንኳ «ዶክተር» እያለ ስኳር ይመዝንልኝ ጀመር። አልተመረቅኩም ብለውም አይሰማም። አባቴም ሱፉን ሰፊ ጋ ወስዶ አስጠበበው።

ያን የሦስቱን ስሌት የሠራሁት በሁለተኛው ዓመት ክረምት ነው። መብራት በየቀኑ ስለሚጠፋ ላፕቶፔን ትቼ በደብተር ነበር የማሰላው። ቤት ጀምሬ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እቀጥላለሁ። ወደ ቂሊንጦ ሠራተኛ የሚያመላልሱት ሰርቪሶች አቧራውን ያለብሱኛል፤ ደብተሬን በነጠላዬ ሸፍኜ እጽፋለሁ። የግራዎቹ ሁለቱ ቀድመው የሚገናኙበትን ብቻ አስልቼ ለመጨረስ ሠላሳ ገጽና ሁለት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ የቀኞቹ የሚቀድሙበትን ውጤት ከጎኑ አስቀመጥኩ፤ ሁለቱ ውጤቶች ከፊደል እስከ ቁጥር አንድ ሆኑ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ረዳቱ «ምነው እህቴ፣ ሰላም ነው?» ብሎኛል።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ጽሑፉ አልቆ፣ አማካሪዬ «ለአባሪው አንዲት ሠንጠረዥ ጨምሪ» አሉኝ። በአንድ በኩል ከቀመሬ የሚወጣው ቁጥር፣ በሌላ በኩል ኮምፒውተር ትንሽ ቀለበት ወስዶ በጉልበት የሚያወጣው ቁጥር። ለወጉ ያህል ነበር። ሁለት ተጓዦች ያሉበትን አስገባሁ፤ እስከ አሥራ ሁለተኛው አሃዝ ገጠመ። ሦስት ተጓዦች ያሉበትን አስገባሁ። ከነጥቡ በኋላ ሦስተኛው አሃዝ ላይ ተለያየ።

ሳቅኩ። የፕሮግራሙ ስህተት ነው አልኩ። ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አየሁት፤ ምንም የለም። እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ያው ሦስተኛው አሃዝ። በሌላ መንገድ ጻፍኩት፤ ያው። በመሀል መብራት ሲጠፋ ለላፕቶፑ ባትሪ የማቀርበው ልመና ለታቦት ቢሆን ኖሮ ይሰማ ነበር። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ለኑሮ ብዬ አንድ የግል ኮሌጅ የማስተምራቸው ልጆች ላይ ጮህኩ፤ አንዷን «ኮማ የት ሄደ?» ብዬ አስለቀስኳት፣ ደግሞም ኮማው ቦታው ላይ ነበር። አባቴ «ዛሬስ?» ሲለኝ «እባክህ ተወኝ» አልኩት። እንዲህ ተናግሬው አላውቅም።

መጨረሻ ላይ አልጋ ሥር ካለው ካርቶን የድሮውን ደብተር አወጣሁት። ሠላሳው ገጽ ንጹሕ ነበር፤ አንድ ምልክት እንኳ አልተሳሳተም። ሠላሳ አንደኛው ገጽ አናት ላይ ግን በራሴ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ቀኙ የግራው መስታወት ነው፤ ተገልብጦ ይወሰድ።»

ግራውን ሁለት ወር ሙሉ አስልቻለሁ። ቀኙን ግን አላሰላሁትም። ግራና ቀኝ መንትያ ናቸው ብዬ የግራውን ውጤት እንዳለ ገልብጬ፣ የቀኙ ነው ብዬ ጻፍኩት። ከዚያ ሁለቱን አስተያየሁና እኩል ናቸው ብዬ ጨፈርኩ። ለካ ያመሳከርኩት ስሌቱን ከራሱ ጋር ነው። መስታወት መሆኑ የሚፈቀደው ሞዴሉ የሚፈታ ከሆነ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ የሚፈታ መሆኑን ላረጋግጥ ነበር የተነሳሁት። በዚህ ገጽ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ምዕራፍ በምዕራፍ ስገነባ ኖሬያለሁ። ነገር ዓለሙ ዞረብኝ። ደብተሩን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት፤ አባቴ ከሳሎን «ምን ወደቀ?» አለ።

ማክሰኞ ደብተሩንና ሠንጠረዡን ይዤ አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። ሐምሌ ላይ ጡረታ የሚወጡ፣ ተማሪ ላይ ድምፅ ከፍ አድርገው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ አንደኛውን ገጽ ረጅም ጊዜ አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«የሁለቱ ልክ ነው አይደል?» አሉኝ።

«የሁለቱማ በየትኛውም እንዲህ ባለ ረድፍ ልክ ነው፣ ፕሮፌሰር።»

«ልዩነቱ ሦስተኛው አሃዝ ላይ ነው። ትንሽ ነው።»

«ርዕሱ ላይ ትክክለኛ መፍትሔ ነው ያልነው። ለዚህ ቃል ትንሽ የሚባል ልዩነት እንደሌለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

መነጽራቸውን በክራቫታቸው ጠረጉት። «ስሚኝ ልጄ። ማራዘሚያሽ ሰኔ ሠላሳ ያበቃል፤ ሌላ የለም። ርዕስ ለመቀየር ጉባኤ መቅረብ አለበት፤ ጉባኤው ደግሞ እስከ መስከረም አይሰበሰብም። እኔ ስወጣ በዚህ ነገር የሚያማክርሽ ሰው እዚህ ግቢ የለም። የሦስቱን ጉዳይ ወደፊት የሚጠና ብለሽ አንድ አንቀጽ ጨምሪና ርዕሱ እንዳለ ይግባ። ፈታኞቹ ሠላሳ ገጽ አያሰሉም።»

ያናደደኝ ክፉ ሰው አለመሆናቸው ነው። ክፉ ቢሆኑ በሩን ጠርቅሜ እወጣ ነበር። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ ቀኑም፣ ጉባኤውም፣ ፈታኞቹም። የራሴን ስህተት በገዛ እጄ ይዤላቸው ሄጄ፣ እሳቸው ደግሞ በደግነት መልሰው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ። «አስብበታለሁ» ብዬ ወጣሁ። እስከ ቃሊቲ ድረስ ከታክሲው መስኮት ውጭ ምን እንዳየሁ አላስታውስም።

ለአባቴ የነገርኩት ቅዳሜ ምሳ ላይ ነው።

«አባዬ፣ ስሌቱ ስህተት ሆኖ ተገኘ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ራሴ ነኝ ያገኘሁት።»

«ሰውየው ምን አሉ?»

«ዝም ብለሽ አስገቢው አሉ።»

«እና አስገቢዋ» አለ፤ ፊቱ ፈታ አለ። «እኛ ፋብሪካ ስንት ጣቃ እንከኑን ይዞ አንደኛ ደረጃ ተብሎ የወጣ መሰለሽ? መኪና ቆሞ ይጠብቃል፣ አለቃ ይጮኻል፣ ትመቺዋለሽ። ማንም ሰው ልብሱ ተቀደደ ብሎ አልመጣብንም።»

«አንተ የመታህበት አለ?»

ጉርሻውን ሰሃኑ ላይ መለሰው። «አለ» አለኝ።

«ረስተኸዋል?»

እጁን ታጠበና በረንዳ ላይ ወጥቶ ቆመ። ያን ቀን አላናገረኝም፤ በማግሥቱም አላናገረኝም። ለእኔ ማዘኑ ይሁን በእኔ መናደዱ አልለየሁትም። የሰፈሩ ሰው «ምርቃቱ መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ምን እንደሚመልስ እያሰበ እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ እኔም የማስበው እሱኑ ነበር። ሆድ ባሰኝ። ይህን ሁሉ የምታገሥለት ነገር ከነጥብ በኋላ ያለ ሦስተኛ አሃዝ መሆኑን ለማን ላስረዳ?

ሰኔ ሃያ ስድስት ጠዋት ድህረ ምረቃ ቢሮ ሄድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ነገር ነበር፤ በአማካሪዬ ምክር አንዲት አንቀጽ የተጨመረችበት፣ ተጠርዞ ያለቀ ጽሑፍ፣ እና ደብተሩ። መስኮቱ ጋ እስክደርስ ድረስ የትኛውን እንደማወጣ አላውቅም ነበር። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሴት «ማስረከብ ነው?» አለችኝ።

«የርዕስ ለውጥ ፎርም ስጪኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ሰጠችኝ። ፎርሙ ላይ «የለውጡ ምክንያት» የሚል ሁለት መስመር ቦታ አለ። ሞልቼ ስመልስላት አነበበችው፤ ግንባሯ ተቋጠረ።

«እንደዚህ ተብሎ አይጻፍም እኮ። ርዕሱን ይበልጥ ግልጽ ለማድረግ በይ፤ ሁሉም እንደሱ ነው የሚጽፈው። እንቺ፣ ሌላ ፎርም።»

ሌላውን ፎርም ተቀብዬ ያንኑ ደግሜ ጻፍኩት።

«መስከረም ማራዘሚያ ላይፈቀድልሽ ይችላል» አለችኝ፤ ድምፅዋ አሁን ዝቅ ብሏል። «አምስት ዓመትሽ ባዶ ሊቀር ነው። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

ማህተሙን መታችና ኮፒውን በመስኮቱ አሳለፈችልኝ። ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። «ሞዴሉ አይፈታም። ስህተቱ የእኔ ነው» ይላል። በአምስት ዓመት ውስጥ ከጻፍኩት ሁሉ ማንም ቢያሰላው የማይፈርስ ይሄ ብቻ ነበር። በንዴት አለቀስኩ።