የቢሻው መቀናጆ

ወረታ ውስጥ ኳስ አውቃለሁ የሚለው ብዙ ነው። ቢሻውን ግን ማንም አልተረዳውም። እኔም ራሴ፣ ስንት ዓመት በር ላይ ቆሜ ጀርባውን ሳይ የኖርሁት በረኛ፣ የገባኝ በቀደም ነው።

ቢሻው ሩዝ መፈልፈያ ቤት ይሠራል፤ ከሥራ መልስ የሰፈሩን ቡድን ያሰለጥናል። አሰላለፉ አንድ ነው፤ ስሙንም «መቀናጆ» ብሎታል። ገበሬ ያውቀዋል፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው፣ እንደሱው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጅና ዛሬ ያንተን ነገ የኔን እያሉ በተራ ያርሳሉ። በወጣትነታችን ቢሻውና ጓደኛው ያየህ መሀል ሜዳውን የያዙት እንዲያ ነበር። አንዱ ኳስ ይዞ ወደ ፊት ሲሄድ ሌላው ተከላካዮቹ ፊት ይቆማል፤ በሚቀጥለው ይቀያየራሉ። የሚሄደው «ተራዬ» ይላል፣ የሚቆመው «አለሁ» ይላል፤ በቃ። ያንን «አለሁ» ስሰማ እኔ እንቅልፍ ይመጣብኝ ነበር፤ ወደ በሩ የሚደርስ ኳስ አልነበረማ።

ኋላ አንድ የአዲስ አበባ ክለብ መጣና ከሁለቱ አንዱን ልውሰድ አለ። ያየህ ቢሻውን ዞር ብሎ አየውና «ተራዬ ነው» አለው፤ በመጨረሻው ጨዋታ ኳስ ይዞ የሄደው ቢሻው ነበራ። ቢሻውም ሳቅ ብሎ «አለሁ» አለ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ያየህ በዚያው ቀረ። ክለቡ ሲተወውም አልተመለሰም፤ እዚያው አገባ፣ ወለደ። መጀመሪያ መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ኋላ በበዓል በበዓል ብቻ ሆነ።

ቢሻውን ባሕር ዳር ደህና ሥራ አገኘንልህ ስንለው እምቢ አለ። «ሁለታችንም ከሄድንማ መሀሉ ባዶ ቀረ» ይለናል። የምን መሀል እያልሁ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቄአለሁ። በቡድኑም ቢሆን በግራ መቀናጆ፣ በያየህ ቦታ፣ የሚያሰልፈውን በየሳምንቱ ይቀያይራል፤ አንዱም አይጥመውም። ክረምት ገብቶ የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት መጫወቻችንም አብሮ ይሰጥማል፤ እሱ ግን ዳር ቆሞ ውሃውን ያያል፣ ከባሕር ዳር በኩል መኪና በመጣ ቁጥር ቀና ይላል። ናፍቆት ሰውን እንዲህ እንደሚያጃጅል ያየሁት በሱ ነው። አንጀቴን ይበላኛል፣ መልሶ ደግሞ ያናድደኛል።

ዘንድሮ ለጥምቀት የድሮ ተጫዋቾች ከጎረቤት ከተማ ከአንበሳሜ አቻዎቻችን ጋር እንድንገጥም ተባለ። ያየህ እመጣለሁ ብሎ ደወለ። ያን ሳምንት ቢሻው ሥራ አልያዘለትም። ጫማውን ይጠርጋል፣ ሩዝ የታጨደበትን ሜዳ ይደለድላል፣ «አበረ፣ ይመጣል አይደል?» እያለ እኔን ይነዘንዛል።

«ደውሎልህ የለ እንዴ አንተ ሰውዬ፣ እኔ ምን ላድርግልህ» እለዋለሁ።

ጨዋታው ሲጀመር ያየህ አልደረሰም። ሌላ ሰው እናስገባ ብንል ቢሻው ሞቼ እገኛለሁ አለ። በጎደሎ ጀመርን። እሱ ቀኙን ብቻ ይዞ ግራውን ባዶ ተወው፤ አንበሳሜዎች በዚያው በባዶው ገብተው አገቡብኝ። በሆዴ ረገምሁት። ከእረፍት በኋላ አንድ ባጃጅ ሜዳው ዳር ቆመና ያየህ ወረደ። ወፍሯል፣ ፀጉሩም ሸሽቷል። ሆዱ ላይ የጠበበችውን ማልያ እየጎተተ ገብቶ ግራው ላይ ቆመ። ቢሻው አየውና ወደ ቀኙ ፈቀቅ አለለት።

ሊያልቅ ሲል ያየህ ኳስ ነጠቀ። ቢሻው እንደ ልማዱ ሊቆም ሲል ያየህ ኳሷን ገፋለትና «ተራህ ነው፣ ሂድ» አለው።

«ተራዬ» አለ ቢሻው።

«አለሁ» አለ ያየህ ከኋላው።

ቢሻው ሮጠ። በዚያ ዕድሜው እንደዚያ ይሮጣል ብዬ አላሰብሁም። ከፊቱ የአንበሳሜ በረኛ ብቻ ቀረ፤ ሕዝቡ ከተቀመጠበት ተነሣ።

ይሄኔ ኳሷን ረግጦ ቆመ። ቆመና ወደ ኋላው ዞረ። የአንበሳሜ ተከላካይ ደርሶ ነጠቀው፤ ፊሽካው ተነፋ፣ ተሸነፍን።

ልሰድበው ከበሩ እየሮጥሁ መጣሁ። «አብደሃል እንዴ? በሩ ክፍት ነበር እኮ። ምን ልታይ ነው የዞርኸው?»

ወደ እኔ አልዞረም። ያየህ መሀል ሜዳው ላይ፣ እዚያው እንደቆመ፣ ጉልበቱን ይዞ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ቢሻው እሱን እያየ ነው።

«መኖሩን» አለኝ።