አፈ ጉባኤዋ ያረፈዱበት ስብሰባ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ቤቴ ተቀምጬ የምክር ቤት ስብሰባ በቴሌቪዥን ስከታተል፣ ካሜራው አንድ ባዶ ወንበር ላይ ቆም ብሎ አለፈ። የማን ይሆን? ምን አግኝቶት ቀረ? ስብሰባው ቀጠለ፤ እኔ ግን በሐሳብ አንኮበር ደረስኩ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በአካባቢው ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር። አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ አስካለ የቄስ ልጅ ናቸው፤ ረጅም ዘመን አስተምረዋል። ያልገባቸውን ነገር ሳይጠይቁ አያልፉም።

የክረምቱ ጉባኤ ሁለት ቀን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ማብቂያ ላይ አንድ አባል ሐሳብ አቀረቡ፤ ከቆላው ከአሊዩ አምባ የተመረጡት ገበሬ አቶ ሰይድ ሁልጊዜ ስለሚያረፍዱ ከአባልነት ይሰናበቱ የሚል። ውሳኔው ለነገ ጠዋት ተያዘ።

ሰው ሲወጣ ወይዘሮ አስካለ አቶ ሰይድን ጠሯቸው።

«አቶ ሰይድ፣ ከቤት ስንት ሰዓት ነው የሚነሱት?»

«ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሂ ሰግጄ ወዲያው ነው።»

«ታዲያ ለምን በዋዜማው መጥተው እዚህ አያድሩም?»

«ባለቤቴ ታማ ተኝታለች። ብቻዋን አላሳድራትም።»

«ይህንን ለጉባኤው ቢናገሩ ምን ነበረበት?»

«ሰበብ ይመስልብኛል ብዬ ነው፣ እትዬ።»

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አጠበቁ። «እንግዲያው አብረን እንውረድ። መንገዱን ልየው።» ወደ እኔ ዞሩና «አንቺም ነዪ» አሉኝ።

የአንኮበር ጉም ፊታችን ላይ እንደ ጠል ይቀመጥ ነበር። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ጉሙ ሳሳ፣ አየሩ ሞቀ፣ ሹራቤን አውልቄ ያዝኩ። ወንዙን ተያይዘን ተሻገርን። ቤት ስንደርስ ታማሚዋ ከአልጋቸው ቀና ብለው ሊቀበሉን ሞከሩ። ጎረቤት ትኩስ የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረበች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ማሽላ በልቻለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ግን አላስታውስም።

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ወንዙ ሞልቷል፤ ጎደል እስኪል ጠበቅን። ዳገቱ ላይ ወይዘሮ አስካለ በየድንጋዩ እየተቀመጡ «ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ?» ይላሉ። አቶ ሰይድ ፈገግ ብለው መንገዱን ይቀጥላሉ።

አዳራሹ ስንደርስ ስብሰባው ከሚጀመርበት ሰዓት በጣም አልፏል። አባላቱ ሁሉ ዞረው አዩን። አፈ ጉባኤዋ ጭቃ የበላው ጫማቸውን እንኳ ሳይጠርጉ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«ዛሬ ያረፈድኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ስለዚህ አጀንዳው እኔንም ይመለከታል። ከመወሰናችሁ በፊት የመጣሁበትን መንገድ ልንገራችሁ።»

ወንዙንም፣ ዳገቱንም፣ ታማሚዋንም ነገሯቸው፤ ስብሰባው ዘግይቶ እንዲጀመርም ሐሳብ አቀረቡ። ሁሉም አልተደሰተም፤ «ሰዓቱ ከተገፋ እኛ ቤታችን በጨለማ ልንገባ ነው» ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ስንብቱ ቀረ፤ ስብሰባውም ከረፋዱ አራት ሰዓት እንዲጀመር ተወሰነ። አቶ ሰይድ ዘመናቸውን ጨረሱ፤ ባለቤታቸውም ቀስ በቀስ አገገሙ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ሳስበው፣ የሚደንቀኝ የወይዘሮ አስካለ መሄድ ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውየው በር ላይ ላባቸውን እየጠረጉ ሲገቡ አይቻለሁ። በየጊዜው «አርፍደው ገቡ» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የጻፍኩት እኔው ነበርኩ። አንድም ቀን «ከየት ነው የመጡት?» አላልኳቸውም።