ወይዘሮ ሃረገወይን እንዳይነሡ

ወይዘሮ ሃረገወይን በየማለዳው መገናኛ ያለውን ሱቃቸውን ከፍተው የሚሸጧቸውን ሃያ አራት የፕላስቲክ ወንበሮች በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ፤ በአንዱም ላይ ግን አይቀመጡም። ታክሞ ድኗል የተባለው የማህፀን በር ካንሰር ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ዳሌያቸው ውስጥ ተሸጉጧል፤ ሲቀመጡ ፍም ላይ የተቀመጡ ያህል ያማቸዋል። ቀኑን ሙሉ ቆመው ሲሸጡ ያየ ገዢም፣ «እርስዎ የማይቀመጡበትን ለእኔ?» ብሎ ይሄዳል።

ኦሎምፒያ አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ የድምፅ ሞገድን አንድ ነጥብ ላይ አሰባስቦ ሕመም የሚያስታግስ መሣሪያ ማስገባቱን ልጃቸው ሀይሚ ሰማች። ሐኪሙ ዶክተር ገብረትንሣኤ አልሸነገሏቸውም።

«በሽታውን አይነቅለውም። ሕመሙን ግን ሊቀንስልዎት ይችላል። ብቻ እንዳይንቀሳቀሱ።»

«እንደ ድንጋይ ነኝ!» አሉ ወይዘሮ ሃረገወይን።

የመሣሪያው ባለሙያ ሙክታር በሆዳቸው አስተኝቷቸው አርባ ደቂቃ ሙሉ ሲያነጣጥር ቆየ። ሊጀምር ሲል ነርሷ በሩን ከፍታ ገባች። ወይዘሮ ሃረገወይን በክርናቸው ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ኖር!»

«በእግዜር!» አለች ነርሷ ደንግጣ። መሣሪያው ጮኸና ቆመ።

«ማዘር፣ ምን ነካዎት?» አለ ሙክታር።

«ሰው ሲገባ ተዘርግቼ ልቆይ? አሳዳጊ የበደላት ልባል?»

ሌላ አርባ ደቂቃ አለፈ። በሩ ተከፈተ፤ «ኖር!» ተባለ። የገባችው ሀይሚ ነበረች።

«እማዬ! ለእኔ ደግሞ ትነሺያለሽ?»

«በሆዴ ተኝቼ ማን እንደገባ በምን አውቄ? ጳጳስ ቢሆንስ?»

ዶክተር ገብረትንሣኤ ሰዓታቸውን አዩ። እንደገና ከተነሡ መሣሪያው ለሌላ ታካሚ ያልፋል፤ የእሳቸው ተራ የሚመለሰው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ወይዘሮ ሃረገወይን ይህን ሲሰሙ አለቀሱ፤ መነሣታቸውን ግን እንደማይተዉ ራሳቸውም ያውቁታል።

መላውን ያመጣችው ሀይሚ ናት። «ሊገባ የሚችል ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይግባ!»

ዶክተሩ፣ ሙክታር፣ ነርሷ፣ የጽዳት ሠራተኛዋና ዘበኛው ገብተው ተደርድረው ተቀመጡ። ውጭ ሲጠብቁ የቆዩት ወይዘሮ ሃረገወይን ከሀይሚ ጋር በመጨረሻ ሲገቡ አምስቱም ብድግ አሉ።

«ኖር!»

«በእግዜር! ኧረ በማርያም፣ ተቀመጡ!»

በሩ ተቆለፈ። መውጣት ይፈቀዳል፣ መመለስ ግን የለም። ሕክምናው እንደተጋመሰ ዶክተር ገብረትንሣኤ ሽንት ቤት መሄድ ግድ ሆነባቸው፤ የቀረውን ሰዓት ኮሪደር ላይ ቆመው በበሩ መስታወት በኩል ለሙክታር በእጃቸው ምልክት እየሰጡ ጨረሱ። ወይዘሮ ሃረገወይን ንቅንቅ አላሉም።

ከሕክምናው በኋላ በአራተኛው ቀን ሱቃቸው ውስጥ አንዱ ወንበር ላይ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተቀመጡ። ሁለተኛው ዙር የፊታችን ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሠራተኞቹ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሉ ውስጥ እንዲገኙ ታዘዋል።